ስለ ድድ በሽታና በድድ ውስጥ ስለሚቀመጥ መድኃኒት
በለሚ ለእናቶችና ለቤተሰብ የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምንናገረው ምግባችን ሁሉ ስለሚያልፍበት በር፣ ይኸውም ስለ አፋችን፣ በተለይም ስለ ድድ ነው።

የምንናገርበትም ምክንያት አለን። በአገራችን በብዙ ቦታ ድዱ የሚደማበት ወይም መግል የያዘበት ሰው አንድ ፍሬ የቴትራሳይክሊን ወይም የአምፒሲሊን ካፕሱል ከሱቅ ይገዛል፤ ወይም ከጎረቤት ይለምናል። ከዚያም ፍሬውን ይከፍትና ዱቄቱን በድዱ ላይ ይነሰንሳል። ይህ ሐሳብ እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም። መድኃኒትን በሽታው ባለበት ቦታ ላይ ማኖር የጥርስ ሐኪሞችም የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያደርገውና በቤት የሚደረገው ከላይ ሲታዩ ይመሳሰሉ እንጂ ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። ልዩነቱን ያወቀ ሰው ጥርሱን ያተርፋል። ያላወቀ ግን ገንዘቡንም ጥርሱንም ያጣል። እንግዲህ ይህን ልዩነት በቀላል አነጋገር እናስረዳለን።

የድድ በሽታ እንዴት ይጀምራል?

ሰው ምግብ በልቶ አፉን ሳያጸዳ ሲያድር በጥርሱና በድዱ ወሰን ላይ ነጣ ያለ፣ ልስልስ ያለ እድፍ ይጋገራል። ጠዋት ጥርሳችሁን በጥፍራችሁ ብትፍቁት የምታገኙት እርሱ ነው። ይህ እድፍ የምግብ ትርፍ ብቻ አይደለም፤ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ጀርሞች ተያይዘው የሚኖሩበት ነው። በየቀኑ ከተፋቀ ይለቃል። ካልተፋቀ ግን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከምራቅ ጋር እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በመፋቂያም ቢሆን፣ በጨውም ቢሆን አይለቅም። ይህን የጥርስ ድንጋይ እንለዋለን።

ድዱ ከዚህ ቆሻሻ የተነሣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነካም ይደማል። የመጀመሪያው ደረጃ ይህ ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ጥርሱን አሳጥቦ በየቀኑ ቢያጸዳ ድዱ እንደ ቀድሞው ይድናል። ቸል ካለ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ በመካከላቸው ኪስ ይፈጠራል። ጀርሞቹም ወደዚያ ኪስ ይወርዱና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ቀስ በቀስ እንዲሟሟ ያደርጉታል። አጥንቱ ሲያልቅ ጥርሱ ምንም ቀዳዳ ሳይኖርበት ይነቃነቃል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። የሟሟው አጥንት በራሱ ጊዜ ተመልሶ አይበቅልም።

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም አለመኖሩ ነው። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት ያስጮኻል፤ የድድ በሽታ ግን ዝም ብሎ ይሠራል። ስለዚህ ሰው «እርጅና ነው» እያለ ይቀመጣል። ትናንት ቆሎ ይቆረጥም የነበረ ሰው ዛሬ እንጀራ በወጥ አርሶ ብቻ የሚበላ ይሆናል። እርጅና ግን ጥርስን አይነቅልም፤ የሚነቅለው በሽታው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በከባድ የድድ በሽታ የተያዙት ሰዎች 1 ቢሊዮን ያህል መሆናቸውን ገልጿል። እንግዲህ የእኛ አገር ብቻ ችግር አይደለም ማለት ነው።

ምልክቶቹን ልብ በሉ። ጥርስ ሲፋቅ ወይም ጠንካራ ነገር ሲበላ ደም መታየት፤ የድድ መቅላትና ማበጥ፤ የማይለቅ መጥፎ የአፍ ሽታ፤ ድድ ሲጫኑት መግል መውጣት፤ ድዱ ሸሽቶ ጥርሱ የረዘመ መምሰል፤ የጥርስ መነቃነቅ። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።

የተነሰነሰው ዱቄት ለምን አይሠራም?

የኪሱን ጥልቀት የጥርስ ሐኪሙ ምልክት ባለበት ቀጭን መለኪያ ይለካዋል። የሚለካውም በሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር የአንድ ጤፍ ፍሬ ርዝመት ያህል ነው ብላችሁ አስቡ። በጤነኛ ድድና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ቢበዛ 3 ጤፍ ያህል ቢጠልቅ ነው። 4 ሲደርስ በሽታ ገብቷል። 5ና ከዚያም በላይ ሲሆን መፋቂያ ሊደርስበት የማይችል ጕድጓድ ሆኗል።

እንግዲህ ዱቄቱን ከላይ ብትነሰንሱት እዚያ ጥልቅ ኪስ ውስጥ በምን ይወርዳል? ቢወርድስ በምን ይቆያል? ከታመመው ኪስ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚመነጭ ቀጭን ፈሳሽ አለ። ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት አንድ 5 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ኪስ ፈሳሹን በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ጊዜ ያህል ያድሳል። በምንጭ ዐይን ላይ ዱቄት ብትጨምሩ ውኃው ወዲያው ጠርጎ እንደሚወስደው ሁሉ የተነሰነሰውም መድኃኒት በደቂቃዎች ውስጥ ከምራቅ ጋር ተጠርጎ ይዋጣል። ከዚህም በቀር ጀርሞቹ የተጠለሉት ከጥርስ ድንጋዩ ሥር ነው። ድንጋዩ ሳይነሣ መድኃኒቱ አያገኛቸውም።

ታዲያ «ነስንሼ ተሻለኝ» የሚል ሰው የለም ወይ? አለ። እብጠቱ ራሱ ፈንድቶ መግሉ ሲወጣ ለጥቂት ቀን ይቀላል። ሰውየውም ዱቄቱ ያዳነው ይመስለዋል፤ ሕክምና መሄዱንም ይተዋል። በሽታው ግን ሥራውን ቀጥሏል። ጉዳቱ ይህ ብቻም አይደለም። በትንሽ በትንሹ፣ ያለ ልክና ያለ ቀን የተወሰደ መድኃኒት ደካሞቹን ጀርሞች ገድሎ ብርቱዎቹን ያስቀራል። እነዚህም መድኃኒቱን ይለምዱታል። ያ መድኃኒት ነገ ልጃችሁ በሳንባ ምች ወይም በሌላ ከባድ በሽታ ሲታመም ሳይሠራ ይቀራል ማለት ነው።

ቴትራሳይክሊን በተለይ ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም። በማደግ ላይ ወዳለው ጥርስ ገብቶ ለዘለዓለም የማይለቅ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያሳድርበታል። እናት በእርግዝናዋ ጊዜ የዋጠችው በሆድ ያለውን ልጅ ጥርስ ያበላሻል።

አስፕሪንም ቢሆን ከጥርስ ሥር ወይም በድድ ላይ አይቀመጥም። ድዱን ያቃጥለዋል፤ ነጭ ሆኖ ይላጣል። አረቄም እንዲሁ ያቃጥላል እንጂ አያድንም።

ሐኪሙ የሚያደርገውስ ምንድር ነው?

መድኃኒትን በድድ ኪስ ውስጥ የማኖር ሐሳብ ጠንክሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በዚያ ዓመት ማክስ ጉድሰን የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ቴትራሳይክሊን የተሞላበት ቀዳዳ ያለው ቀጭን ክር በድድ ኪስ ውስጥ አኑረው ውጤቱን አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዐይነቶች ተሠርተዋል። አንዱ ዶክሲሳይክሊን የያዘ፣ ጫፉ በደነዘዘ ቀጭን ቀሰም ወደ ኪሱ የሚገባ ዝልግልግ መድኃኒት ነው። ከገባ በኋላ እዚያው ይረጋል። ሌላው ሚኖሳይክሊን የያዙ፣ ከጤፍ እጅግ ያነሡ ድቡልቡል ቅንጣቶች ናቸው። እነዚህ ሁሉ የተሠሩበት ዓላማ አንድ ነው። መድኃኒቱ በፈሳሹ ተጠርጎ እንዳይሄድ፣ ነገር ግን ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቀስ እያለ እንዲወጣ ነው። መጠኑ ጥቂት ሲሆን በኪሱ ውስጥ ያለው ኀይል ግን ሰው ውጦት በደም በኩል ወደ ድዱ ከሚደርሰው እጅግ ይበልጣል። ሌላውንም የሰውነት ክፍል ብዙ አይነካም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙን። ሐኪሙ ይህን መድኃኒት በቆሸሸ ኪስ ውስጥ አያኖርም። አስቀድሞ የጥርስ ድንጋዩን ከላይም ከድዱ ሥርም በመሣሪያ ፍቆ ያወጣል። ይህ ጥርስ ማሳጠብ የምንለው ነው። እናንተ እናቶች ይህን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ጠላ ስትጠምቁ ጋኑን በግራዋ ሳታጥቡና በወይራ ሳታጥኑ ጥንስሱን ትጨምራላችሁን? አትጨምሩም። ጌሾው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ባልታጠበ ጋን ውስጥ ጠላው ይበላሻል። የድድ ኪስም እንደዚሁ ነው። መድኃኒቱ ጌሾ ነው፤ ጽዳቱ ጋን ማጠብ ነው።

እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ የበሽታውን አብዛኛውን ክፍል የሚያድነው ጽዳቱ ነው። በኪሱ ውስጥ የሚቀመጠው መድኃኒት ከጽዳቱ በላይ የሚጨምረው ጥቅም በአማካይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ማለት ከግማሽ ጤፍ አይበልጥም። ስለዚህ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመርጠው ጥርሱ ታጥቦ፣ ሰውየውም በቤቱ እያጸዳ፣ አልድን ብሎ ለቀረ ጥልቅ ኪስ ነው። ይህ ልዩ መድኃኒት ከሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ በየቦታውም አይገኝም። ባይገኝ ግን ተስፋ አትቍረጡ። ጥርስ ማሳጠብና የዕለት ጽዳት ከተገኙ ዋናው ሕክምና ተገኝቷል።

መድኃኒት የተቀመጠለት ሰው ለአንድ ሳምንት ያህል ቆሎና እንደዚህ ያለ ጠንካራ ነገር በዚያ ወገን አያኝክ፤ በጣቱም ሆነ በእንጨት አይነካካው። በተቀጠረበት ቀን ተመልሶ ይታይ።

ድድን ስለ መነቀስና ስለ መቅደድ

በአማራና በትግራይ አገር ድድን መነቀስ የቆየ ልማድ ነው። ለውበት የሚነቀሱ አሉ። የሚደማ ድድ ይደርቅልኛል ብለው የሚነቀሱም አሉ። ይህም በራሱ መንገድ በድድ ውስጥ መድኃኒት የማስገባት ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ ጥላሸቱ ድዱን ያጠቍረዋል እንጂ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ አያነሣም። እንዲያውም የድዱ መቅላት እንዳይታይ ስለሚሸፍነው በሽታው ተደብቆ ይቆያል። ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ አፍ የሚሄደው መርፌ ደግሞ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ባልጸዳ መርፌ ወይም እሾህ መወጋት ለመንጋጋ ቆልፍ በሽታም ያጋልጣል። ቀድሞ የተነቀሱ እናቶች ንቅሳታቸው ጌጣቸው ነው፤ አይፈሩበት። ለሴት ልጆቻችሁ ግን አታድርጉ።

ሕፃን ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ እንዲቀደድ የምትወስዱም እንዳላችሁ እናውቃለን። የተቅማጡ መነሻ ድዱ አይደለም። ድዱ የተቀደደ ሕፃን ደሙ ይፈስሳል፣ ይመረቅዛል፣ ቋሚ ጥርሱም ሊበላሽ ይችላል። ለተቅማጥ የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ጤና ጣቢያ ነው።

ጊዜ የማይሰጥ የልጆች ድድ በሽታ

እስካሁን የተናገርነው ቀስ እያለ ስለሚሄድ በሽታ ነው። አሁን ግን በቀኖች ውስጥ ስለሚሄድ አንድ በሽታ እንነግራችኋለን። ስሙ ኖማ ይባላል። የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፣ በምግብ እጥረት የተጎዱትን፣ ወይም ከኩፍኝና ከመሰለው በሽታ ገና ያገገሙትን ልጆች ነው። የሚጀምረው በድድ ነው። ድዱ ይቆስላል፣ ይደማል፣ አፉ እጅግ ይሸታል። ከዚያ ጕንጩ ያብጣል። ወዲያውም ሥጋው ይጠቍርና ጕንጩ ተበስቶ ጥርሱ በውጭ ይታያል።

ያልታከመ ኖማ ከ10 ልጆች 9ኙን ይገድላል። የተረፈውም ልጅ ፊቱ ተበላሽቶ፣ አፉን መክፈት ተስኖት ከሰው ተሸሽጎ ይኖራል። ፌሲንግ አፍሪካ የሚባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ቀዶ ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ ፊታቸው በኖማ የፈረሰባቸውን ኢትዮጵያውያን አሳክሟል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ኖማን ችላ ከተባሉ የቆላ አገር በሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

ይህ በሽታ ገና በድድ ላይ ሳለ ከተደረሰበት በሚዋጥ ወይም በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት፣ አፍን በማጽዳትና ልጁን በደንብ በመመገብ ያለ ጠባሳ ይድናል። በዚህ ጊዜ በድድ ላይ ዱቄት እየነሰነሱ መጠበቅ ልጁን መግደል ነው። ስለዚህ የደከመ ልጅ ድዱ ቆስሎ አፉ ከሸተተ ወይም ጕንጩ ካበጠ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ትልቅ ሰውም ቢሆን ከድድ እብጠት ጋር ትኵሳት ካለው፣ ፊቱ ወይም አንገቱ ካበጠ፣ መዋጥ ከተሳነው እንዲሁ ያድርግ። ልጆቻችሁንም የኩፍኝ ክትባት በጊዜው ማስከተብ አንድ መከላከያ ነው።

በቤት የሚደረግ ጽዳት

1ኛ፤ ጥርስ በቀን 2 ጊዜ፣ ጠዋትና ከመተኛት በፊት ይፋቅ። የማታው አይታለፍ።

2ኛ፤ የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ መልካም ነው። አዲስ ተቈርጦ ጫፉ እስኪለሰልስ ይታኘክ። የፊት ጥርስ ብቻ ሳይሆን የመንጋጋውም፣ የውጩ ብቻ ሳይሆን የውስጡም ይፋቅ። የጥርስ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና መግዛት ለሚችል ቤተሰብ ይህ ይበልጣል።

3ኛ፤ አፋፋቁ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ፣ በቀስታ ይሁን። ድዱ ደማ ብላችሁ መፋቁን አትተዉ። የሚደማው ስላልጸዳ ነው። በደንብ ከተጸዳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ መቀነስ አለበት። ካልቀነሰ ሐኪም ይየው።

4ኛ፤ መፋቂያና ብሩሽ ለየሰው ለየብቻ ይሁን። በከሰልና በአሸዋ አይፋቅ፤ ጥርሱን ይበላዋል።

5ኛ፤ ድዱ ያበጠበት ሰው በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ በበረደ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙቶ ይጕመጥመጥ፤ አይዋጠው። ይህ ያስታግሳል እንጂ ሕክምናን አይተካም።

6ኛ፤ ትንባሆ የድድ ትልቅ ጠላት ነው። ጫትን በጕንጭ ይዞ መዋልም ድዱን ይጎዳል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ ድዱ ሲታመም ደግሞ ስኳሩ ያስቸግረዋል። እርሱ ከሁሉ አብልጦ ይጠንቀቅ።

ብዙ ጊዜ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች

«የዐይን ቅባቱ ቴትራሳይክሊን አይደለም ወይ? ለልጄ ዐይን እዚያው ቀብቼው ከዳነ ለድዴ ለምን አይሆንም?» የሚሉን እናቶች አሉ። እናታችን፣ ጥያቄዎ ትክክል ነው። ዐይን ግን ገላጣ ነው፤ ቅባቱ በሽታው ባለበት ያርፋል፤ ቆቡም ይይዘዋል። የድድ ኪስ ጥልቅ ነው፤ ፈሳሽ አለው፤ ጀርሙም በድንጋይ ተጋርዷል። የዐይኑን ቅባት ለዐይን ይተዉት።

«ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ድዴ ይደማል፤ ልጄን እስክገላገል መፋቁን ልተው?» ይሉናል። አይተዉ። በእርግዝና ጊዜ ድድ ለማበጥ የቀለለ ይሆናል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይጽዳ። ጥርስ ማሳጠብ ለነፍሰ ጡር አይከለከልም። ነገር ግን መድኃኒት ከመቀበልዎ በፊት እርጉዝ መሆንዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

«ጥርስ ከታጠበ ይለቃል ይባላል» የሚሉም አሉ። ጥርሱን ያላላው ቀድሞ የጠፋው አጥንት ነው። ድንጋዩ ጥርሶቹን እንደ ጭቃ አያይዞ ስለነበረ ሲነሣ መነቃነቁ ይታወቃል። ድዱ ሲድን ግን ብዙ ጊዜ ይጠብቃል።

ወዴት እንሂድ?

መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቁ። እርስዋ ወደ ጤና ጣቢያ ትልካችኋለች፤ ከዚያም የጥርስ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል የሚላክ ይላካል። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪውም ከባድ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ለንግድ ወይም ለጉዳይ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወይም በሙከ ጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ያንኑ አጋጣሚ ጥርሱን ለማሳየት ይጠቀምበት። ከቤት የተረፈ የመድኃኒት ፍሬ ካላችሁ ለድድም ለቁስልም አታውሉት፤ ለጎረቤትም አትስጡት።

እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ይህ ነው። አስቀድሞ ጋኑ ይታጠባል፤ ጌሾው ከዚያ በኋላ ይገባል። መፋቂያው በእጃችሁ ነው፤ ድንጋዩን የሚያነሣው ሐኪም ነው፤ በኪሱ ውስጥ መድኃኒት የሚያስቀምጠውም እርሱ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት አፋቸውን አስከፍታችሁ ድዳቸውን በመብራት እዩላቸው። የራሳችሁንም አሳዩ። የሚደማ ካለ ከነገ ጀምሮ ጽዳቱ ይጀመር።